ፍራሽ፣ አቧራና ትንፋሽ፤ በነፋስ ስልክ ላፍቶ የመኝታ አያያዝ ታሪክ ላይ የተደረገ አጭር ጥናት

፩. መግቢያ

የአንድን አገር ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ ዓይኑን የሚያሳርፈው በቤተ መንግሥት፣ በጦር ሜዳና በገዳም ላይ ነው። ወደ መኝታ ቤት ጎራ የሚል ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ሰው ከዕድሜው አንድ ሦስተኛ ያህሉን የሚያሳልፈው በመኝታው ላይ ስለ ሆነ፣ መኝታው ከምን እንደ ተሠራ፣ ፍራሹ በምን እንደ ተሞላና በውስጡ ምን እንደሚኖር መመርመር ለታሪክ ተማሪ የማይገባ ሥራ ነው ብለን አናምንም።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን ባለፈው ክረምት ያየነው ነገር ነው። በምንኖርበት ግቢ የአንድ ጎረቤታችን ልጅ ሌሊት ሌሊት ደረቱ ሲር ሲር እያለ ትንፋሽ ያጥረው ነበር። እናቱ አቧራ ነው የሚያፍነው ስለ ተባለች፣ ወለሉን በቀን ሦስት ጊዜ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች፤ መስኮቱንም የመንገዱ አቧራ እንዳይገባ ዘግታ ትውላለች። ልጁ ግን አልተሻለውም። ስለ ፍራሹ የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅናትም። በኋላ መጻሕፍቱን ስንመለከት መጠየቅ የሚገባን ነገር እርሱ እንደ ነበር ተረዳን።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ነገር አንድ ነው። ይኸውም በነፋስ ስልክ ላፍቶ ባለፉት ሁለትና ሦስት ትውልዶች መኝታው ተለውጧል፤ ቀድሞ መኝታን ለመጠበቅ ይደረግ የነበረው ልማድ ግን ከአሮጌው መኝታ ጋር አብሮ ተጥሏል፤ ስለዚህም ወለሉ ከቀድሞው ይልቅ እየጸዳ፣ ፍራሹ ከቀድሞው ይልቅ አቧራ የሚያከማች ሆኗል የሚል ነው።

ማስረጃችን ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው በጎፋ፣ በመካኒሳ፣ በሳሪስና በላፍቶ ከሚኖሩ አረጋውያን የሰማነው ነው። ሁለተኛው በዓይናችን ያየነው ነው። ሦስተኛው በአገራችንና በውጭ አገር ሐኪሞች አጥንተው ያሳተሙት ነው። ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

፪. አቧራው ምንድን ነው?

የቤት አቧራ አንዳንድ ሰዎችን እንደሚያፍን ሐኪሞች ካወቁ መቶ ዓመት ሆኗቸዋል። በ1920ዎቹ በሆላንድ አገር በላይደን ከተማ የሚሠራው ስቶርም ፋን ሌውን የተባለ ሊቅ፣ የአስም ሕመምተኞችን አቧራና ሻጋታ በሌለበት ልዩ ክፍል እያስተኛ ብዙዎቹ እንደሚሻላቸው ተመለከተ። ነገር ግን ከአቧራው ውስጥ ሰውን የሚጎዳው የትኛው እንደ ሆነ ተለይቶ አልታወቀም ነበር። ቁርጡ የታወቀው በ1964 ሲሆን፣ በዚያው በላይደን ፎርሆርስትና ስፒክስማ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ዋናው ጠንቅ በአቧራ ውስጥ የምትኖር ጥቃቅን ፍጥረት መሆኗን ገለጡ። ፍጥረቲቱ አዲስ አልነበረችም። የፈረንሳዩ የእንስሳት ሊቅ ትሩኤሳር በ1897 መዝግቧት ነበር። የሳይንስ ስሟ ዴርማቶፋጎይዴስ ፕቴሮኒሲኑስ ነው፤ የመጀመሪያው ቃል ከግሪክ ተወስዶ ቆዳ በሊታ እንደ ማለት ነው። በዶሮ ላይ ከምትታየው ቅንቅን ጋር ስለምትመሳሰል እኛ በዚህ ጽሑፍ የአቧራ ቅንቅን እንላታለን።

የአቧራ ቅንቅን ርዝመቷ የአንድ ሚሊሜትር ሲሶ ያህል ብቻ ስለ ሆነ ያለ ማጉያ መነጽር አትለይም። እንደ ትኋንና እንደ ቁንጫ ሰውን አትነክስም። የምትመገበው ከሰው ገላ የሚረግፈውን ቅርፊት ነው። ውሃ አትጠጣም፤ የሚያስፈልጋትን እርጥበት የምትስበው ከአየር ነው፤ አየሩ ለብዙ ጊዜ ደረቅ ሆኖ ከቆየ ደርቃ ትሞታለች። ሰውን የሚያስነጥሰውና የሚያፍነው በተለይ ኩሷ ነው። በ1980 ቻፕማንና ፕላትስ ሚልስ የተባሉ ተመራማሪዎች በኩሷ ውስጥ የሚገኘውን ዋናውን ፕሮቲን ለይተው አወጡ። የአንዳንድ ሰው ሰውነት ይህን ፕሮቲን እንደ ጠላት ስለሚቈጥረው ይቈጣል፤ አለርጂ የሚባለውም ይህ ነው።

ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ቅንቅኗ በብዛት የምትገኘው የሰው ቅርፊት፣ ሙቀትና ወዝ በሚገናኙበት በፍራሽ፣ በትራስና በብርድ ልብስ ውስጥ እንጂ በተወለወለ ወለል ላይ አይደለም። ሁለተኛ፣ ትልቁ ወዳጇ እርጥበት ነው። ሦስተኛ፣ ቅንቅኗ ብትሞትም ኩሷ በቦታው ስለሚቆይ መግደል ብቻውን አይበቃም፤ ማራገፍና ማጠብም ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ አዲስ አበባ ደጋ አይደለችምን? ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ትክክል ነው። በ1971 የታተመ የስፒክስማና የባልደረቦቹ ጥናት በስዊስ ተራራ ላይ ባለችው በዳቮስ ቅንቅን እጅግ ጥቂት እንደ ሆነች አሳይቷል። ነገር ግን ቅንቅኗን የሚያጠፋት ከፍታው ራሱ ሳይሆን የቤቱ አየር ድርቀት ነው። ዳቮስ ብርድ ሲሆን ቤቱ በእሳት ይሞቃል፤ አየሩም ይደርቃል። የእኛ ቤት ግን በሐምሌና በነሐሴ ያለ ማሞቂያ ተዘግቶ ይከርማል። ጋቢው እንኳ ሳይደርቅ እየተለበሰ መስከረም እንደሚደርስ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

፫. ስፍራውና የቀድሞው መኝታ

ነፋስ ስልክ የሚለው ስም ያለ ሽቦ በአየር የሚተላለፈውን ስልክ የሚያመለክት ነው። ላፍቶ ደግሞ በኦሮምኛ የግራር ዛፍ ስም ነው። ሁለቱ ስሞች ተጣምረው የክፍለ ከተማ መጠሪያ የሆኑት አዲስ አበባ በ2003 በዐሥር ክፍለ ከተሞች ስትከፈል ነው። ስሙ ራሱ የስፍራውን ታሪክ በአጭሩ ይናገራል፤ በአንድ ወገን የገጠሩ ግራር፣ በሌላ ወገን ከውጭ የመጣው መሣሪያ። ይኸው መጣመር በመኝታ ቤቱም ይታያል።

አረጋውያኑ እንደ ነገሩን፣ እነርሱ ልጆች ሳሉ የሰፈሩ ቤት በአብዛኛው የጭቃ ቤት ነበር። ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ በባሕር ዛፍ ማገር ላይ ይለጠፋል፤ ወለሉ በእበት ይለቀለቃል። ከመጠረጉ በፊት አቧራው እንዳይነሣ ውሃ ይረጭበታል። መኝታው እንደ ቤቱ አቅም ነው። ያልደላው በመደብ ላይ ቁርበት ወይም ጀንዴ አንጥፎ ይተኛል። የተሻለው የጠፍር አልጋ አለው። ከዚያ በላይ የሆነው በጆንያ የተሰፋ የሣር ፍራሽ ያነጥፋል፤ ባለጸጋው የጥጥ ፍራሽ አለው። የሚለበሰው ጋቢ፣ ቡልኮ ወይም ባና ነው።

ይህን አሮጌ መኝታ በአቧራ ቅንቅን መነጽር ብንመለከተው፣ ከፊሉ ተስማሚ ከፊሉ ጎጂ ሆኖ እናገኘዋለን። ፀጉሩ የተገፈፈና የለፋ ቁርበት ለስላሳ ስለ ሆነ ቅንቅን የምትሸሸግበት ጥልቀት የለውም፤ ማለዳ ተነሥቶ፣ ተራግፎ፣ በአጥር ላይ ይሰጣል። የጠፍር አልጋም ከሥሩ ነፋስ ያገኛል። ፀጉር ያለው አጎዛ ግን ቅርፊትና አቧራ ይይዛል። የጭቃው መደብም በክረምት እርጥበት ይስባል። የአቡጀዴው ኮርኒስ ደግሞ ከላይ የዓመታት ጥቀርሻና አቧራ ተሸክሞ፣ አይጥ በሮጠችበት ቍጥር በተኛው ሰው ላይ ያራግፋል። ስለዚህ የጥንቱ ቤት ንጹሕ ነበር፣ የዛሬው ቆሻሻ ነው ብለን ለመደምደም አንችልም።

የቀድሞው መኝታ ከዛሬው የሚለይበት ዋናው ነገር ሌላ ነው። ሁሉም ከቤት ሊወጣና ሊፈታ የሚችል ነበር። የሣር ፍራሽ ሣሩ ሲደቅ ይዘረገፍና በአዲስ ሣር ይሞላል። አንዲት የሳሪስ እናት ፍራሽን ከእህል ጋር አመሳስለው፣ ሁለቱም ፀሐይ ካላዩ ይነቅዛሉ ሲሉ ነገሩን። እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት አዳሪ ሳለን ቅዳሜ ቅዳሜ ፍራሻችንን በጀርባችን ተሸክመን ወደ ሜዳ እናወጣ ነበር። ያን ጊዜ ሁላችንም የምናውቀው ትኋን ለማባረር መሆኑን ብቻ ነበር።

፬. ፍራሽ አዳሽ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሊዘነጋ የማይገባው ባለሙያ ፍራሽ አዳሹ ነው። በየሰፈሩ እየዞረ፣ ፍራሽ አዳሽ! እያለ ሲጣራ ያልሰማ የአዲስ አበባ ልጅ የለም ለማለት ይቻላል። ሥራው እንዲህ ነው። ፍራሹን ወደ ግቢ ያወጣል፤ ስፌቱን ተርትሮ ጨርቁን ይከፍታል፤ የተጓጐለውን ጥጥ እየፈታ በፀሐይ ላይ ይበትናል፤ በዱላ እየመታ ያራግፈዋል። ጨርቁ ታጥቦ ሲደርቅ ወይም በአዲስ ሲለወጥ ጥጡን መልሶ ይሞላና በትልቅ መርፌ ይሰፋዋል። ከሰዓት በኋላ የቤቱ እመቤት አዲስ የሚመስል ፍራሽ ታስገባለች።

ፍራሽ አዳሹም ሆነ ያስጠራችው እመቤት ስለ ቅንቅን ያውቁ አልነበረም። የሚፈለገው ፍራሹ እንዲለሰልስ ነው። ሆኖም ከላይ ከጠቀስናቸው ሦስት ነገሮች አንጻር ሲታይ፣ ሰውየው ፍራሹን ያደርቃል፣ ያራግፋል፣ ጨርቁም እንዲታጠብ ያደርጋል። የዛሬው ሐኪም ከዚህ የተለየ ብዙ ነገር አያዝዝም።

ነገር ግን ይህን ሥራ ስናመሰግን ዋጋውን ማን ይከፍል እንደ ነበር መርሳት የለብንም። ከፍራሹ የወጣው አቧራ ሁሉ የሚገባው በፍራሽ አዳሹ አፍንጫ ነው። ከሰው ቤት ወደ ሰው ቤት እየዞረ የብዙ ቤተ ሰብ አቧራ በአንድ ደረት ይምጋል። ምንጣፍ የምታራግፈው የቤት ሠራተኛም ዕጣዋ እንደዚሁ ነው። የቤት ንጽሕና ታሪክ ሲጻፍ የባለቤቱ ጤና ብቻ ከተቈጠረ ታሪኩ ግማሽ ይሆናል።

የስፖንጅ ፍራሽ ሲመጣ የፍራሽ አዳሹ እንጀራ ቀነሰ። ስፖንጅ ቀላል ነው፤ አይጓጐልም፤ ስለዚህ የሚፈታበት ምክንያት የለም። አንድ ጊዜ ተገዝቶ ከነላስቲኩ ወይም ከነጨርቁ በአልጋው ላይ ይቀመጥና እስኪጎደጉድ ድረስ ብዙ ዓመት አይነሣም። በእኛ አስተያየት የመኝታው ታሪክ መታጠፊያ ይህ ነው። ስፖንጁ ከጥጡ የከፋ ስለ ሆነ አይደለም፤ ፍራሽ በየጊዜው ይከፈታል፣ ፀሐይ ያያል የሚለው ልማድ ምክንያቱ ሳይታወቅ ስለ ቀረ ነው።

፭. ጢስና መርዝ

አረጋውያኑ ከነገሩን ልማዶች ሁሉ የሚያወላውለን ጢስ ነው። ቤቱ በወይራ ይታጠናል፤ ጋቢውና ፍራሹ ጢስ ይጠጣል፤ ምድጃውም በቤቱ መካከል ይነድዳል። ጢሱ ቤቱን ያደርቀው፣ ተባዩንም ያሸሸው ይሆናል። ነገር ግን የማገዶ ጢስ የሴቶችንና የሕፃናትን ሳንባ እንደሚጎዳ ዛሬ በእርግጥ የታወቀ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለ2020 ባወጣው ግምት፣ በቤት ውስጥ ከሚነድድ ማገዶና ከመሰለው ነዳጅ በሚወጣ ጢስ ምክንያት በዓለም ላይ በያመቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይሞታሉ። ስለዚህ አስም ያለበትን ልጅ ለማዳን ቤት ማጠን፣ ከእሳቱ አውጥቶ ወደ ረመጡ እንደ መጣል ነው።

ከጢሱ በኋላ የመጣው መርዝ ነው። የኢትዮጵያ የወባ ማጥፊያ ድርጅት በ1959 ከተቋቋመ በኋላ፣ በዲዲቲ ቤት መርጨት በቆላው አገር የታወቀ ሥራ ሆነ። በከተማም ፍሊት የሚለው ቃል የማንኛውም የሚረጭ የተባይ መድኃኒት ስም እስኪሆን ድረስ ተለመደ። ትኋን ባለበት ሁሉ ይነፋል፤ ፍራሽ ላይም ይነፋል። ይህም ለአስም የሚበጅ አለመሆኑን የሚያመለክት ማስረጃ ከወደ ጅማ መጥቷል።

፮. ከጅማ የመጣው ማስጠንቀቂያ

በአገራችን በዚህ ነገር ላይ የተደረገው ታላቁ ጥናት በጅማና በአካባቢዋ የተደረገውና በ1997 ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የታተመው ነው። የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ሐኪሞች በአንድነት ሆነው ከ12 ሺህ በላይ የከተማና የገጠር ሰዎችን ጠይቀዋል፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹን በቆዳቸው ላይ መርምረዋል።

ውጤቱ እኛ እንደ ጠበቅነው አይደለም። አስም በከተማው ከገጠሩ ይልቅ በዝቶ ተገኘ። ይህ የሚገርም አይደለም። በቆዳ ምርመራ ለአቧራ ቅንቅን የሚቈጡ ሰዎች ግን በገጠሩ ከከተማው በዝተው ተገኙ። በከተማ ቆዳው ለቅንቅን የሚቈጣ ሰው ደረቱም ሲር ሲር የማለቱ ዕድል እጅግ ከፍተኛ ነበር፤ በገጠር ግን ሁለቱ ነገሮች እንዲህ አልተያያዙም። ከዚህም ጋር የቤቱ አሠራር፣ የመኝታው ዓይነትና ማላታዮን የተባለው የተባይ መርዝ አስም አለብን ከሚሉት ሰዎች ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል። ነገር ግን አጥኚዎቹ እነዚህ ብቻቸውን የከተማውንና የገጠሩን ልዩነት እንደማያስረዱ ገልጠዋል።

በ2001 በዚያው መጽሔት የወጣው ተከታዩ ጥናት ሌላ ነገር ጨመረ። ሁክዎርም የተባለው የአንጀት ትል ያለባቸው ሰዎች ደረታቸው ሲር ሲር የማለቱ ዕድል ያነሰ ነበር። በመኝታቸው የቅንቅን ፕሮቲን የበዛባቸው ደግሞ ዕድሉ ከፍ ያለ ነበር። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ የጅማ ጥናት ደግሞ በቤት ውስጥ ላምባ ማንደድ ከአለርጂ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል።

ይህ ለእኛ ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ነው። የመጀመሪያው ለሐሳባችን ነው፤ ገጠሩ ቅንቅን የሌለበት ገነት አልነበረም፤ የገጠሩ ሰው ከቅንቅን ጋር እየኖረ በሌላ ምክንያት ሳይታመም ይቀር ነበር። ሁለተኛው ለመፍትሔው ነው፤ ልጆቻችን ከአስም እንዲድኑ የአንጀት ትል ይኑርባቸው የሚል ጤነኛ ሰው አይኖርም። ወደ ኋላ የሚመለስበት መንገድ የለም ማለት ነው። የሚቀረው ከቀድሞው ልማድ የሚጠቅመውን መርጦ በአዲሱ ቤት ውስጥ መትከል ነው።

፯. አዲሱ ቤትና የሚቻለው ነገር

ከ2004 ጀምሮ በከተማው መሠራት የጀመሩት ኮንዶሚኒየሞች በጀሞ፣ በጎፋና በሌሎችም የክፍለ ከተማው ሰፈሮች የብዙ ሺህ ሰው መኖሪያ ሆነዋል። የሲሚንቶ ወለል፣ የቧንቧ ውሃና የመብራት ምድጃ ማግኘት ታላቅ ነገር ነው። ጢሱ ቀንሷል። ነገር ግን በአራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ግቢ የለውም፤ ፍራሹን የት ያሰጣል? ሶፋው፣ ምንጣፉና ወፍራሙ መጋረጃ ሁሉ ለቅንቅን ተጨማሪ ማደሪያ ናቸው። ልብስ በክፍል ውስጥ ሲደርቅ፣ ድስቱም ሲፈላ፣ መስኮቱ ከተዘጋ እርጥበቱ ወደ ግድግዳውና ወደ ፍራሹ ይሄዳል።

ከዚህ በታች የምንዘረዝረው ብዙ ገንዘብ የማይጠይቀውን ነው። በደረቁ ወራት ፍራሹን፣ ትራሱንና ምንጣፉን በጠራራ ፀሐይ ለብዙ ሰዓት ማስመታት ይገባል። በ1994 የታተመ የቶቪና የዉልኮክ ጥናት፣ በቀጥታ ፀሐይ ላይ የዋለ ምንጣፍ ውስጥ የነበሩት ቅንቅኖች ሁሉ እንደሚሞቱ አሳይቷል። ከዚያ በኋላ ከቤት ርቆ ማራገፍ ነው፤ የሚያራግፈውም ሕመምተኛው አይሁን፤ አፍንጫውንም ይሸፍን። አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ 60 ዲግሪ በሚደርስ ሙቅ ውሃ ቢታጠብ ቅንቅኗ ትሞታለች፤ ኩሷም ይታጠባል። ቀዝቃዛ ውሃ ኩሱን ቢያጥብም ሁሉንም ቅንቅን አይገድልም። አቧራ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ዝናቡ ባቆመባቸው ሰዓቶች መስኮት ይከፈት፤ ፍራሹ ከእርጥብ ግድግዳ ይራቅ፤ ማለዳ አልጋውን ወዲያው ከማንጠፍ ገልጦ ማናፈስ ይሻላል። በፍራሽ ላይ መርዝ መንፋት ግን ይቅር።

እዚህ ላይ እውነቱን ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። ኮክሬን በተባለው የሕክምና ጥናቶች ማኅበር ሥር ጎትሼና ዮሐንሰን በ2008 ያወጡት ግምገማ 54 ሙከራዎችን መርምሮ፣ ቅንቅንን ለመቀነስ የተሞከሩት ዘዴዎች አስም ላለባቸው ሰዎች ይህ ነው የሚባል ጥቅም አለመስጠታቸውን ገልጧል። አንድ ዘዴ ብቻ መያዝ፣ ለምሳሌ ውድ የፍራሽ መሸፈኛ መግዛት፣ ተስፋ የሚጣልበት ነገር አይደለም። ስለዚህ ከላይ የዘረዘርነው የሐኪም ምትክ ሊሆን አይችልም። ትንፋሽ የሚያጥረው ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ የታዘዘለትንም የሚነፋ መድኃኒት ሳያቋርጥ ይውሰድ። ፍራሹን ማስመታት ከመድኃኒቱ ጎን የሚቆም ርካሽ ረዳት ነው፤ ርካሽ መሆኑም በተለይ የኑሮ ውድነት ለከበደበት ቤተ ሰብ ትንሽ ነገር አይደለም።

፰. ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው፣ በነፋስ ስልክ ላፍቶ የቤት አቧራ ታሪክ ከቁርበት ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ ጥጥ፣ ከጥጥ ወደ ስፖንጅ የተደረገ ጉዞ ነው። በጉዞው መካከል ጢሱና ትኋኑ በመቀነሳቸው ልናዝን አይገባም። የጠፋብን ፍራሽን እንደ እህል ለፀሐይ የማውጣት ልማድ ነው። የጠፋውም ማንም ስለ ከለከለው ሳይሆን፣ ምክንያቱን ማንም ስላላስተማረ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲሠሩና ሲታደሱ ለመኪና ማቆሚያ እንደሚታሰብ ሁሉ፣ ነዋሪው በተራ ፍራሹን የሚያሰጣበት ፀሐያማ ስፍራ ይታሰብለት። ለትምህርት ጓደኞቻችን ደግሞ፣ ገና በሕይወት ያሉትን ፍራሽ አዳሾች ፈልገው ሙያቸውንና የደረታቸውን ጤና ጭምር እንዲመዘግቡ እንለምናለን። እኛ የጀመርነው ጥቂት ነው፤ በአንድ ክፍለ ከተማም የተወሰነ ነው።

የጎረቤታችን ልጅ ዛሬ ከሐኪም የተሰጠውን መድኃኒት ይወስዳል። በጥቅምት እናቱ ከእኛ ጋር ሆና ፍራሹን ወደ ግቢ አወጣችው። ስፖንጁ ከሥሩ በኩል በእርጥበት ጠቍሮ አገኘነው። ልጁ አሁን ከቀድሞው ይልቅ ይተኛል። ይህ ከመድኃኒቱ ይሁን፣ ከፀሐዩ ይሁን፣ ወይም ክረምቱ ስላለፈ ይሁን ለመወሰን አንደፍርም። እናቱ ግን ፍራሹን ቅዳሜ ቅዳሜ ታወጣዋለች፤ ወለሉንም በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ትወለውላለች።